ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሳብውፈር ቤዙ ሲደክም፦ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ደሴ ቤት ሲሠራ ሳሎኑ ውስጥ ሆም ቴአትር አስገጠመ። ሁለት ሳብውፈር (ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) የቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ፣ ጂፕሰሙ ውስጥ ተቀበሩለት። ከመረቡ በቀር ምንም አይታይም። ችግሩ፣ ምንም አይሰማምም። ፊልሙ ላይ ፎቅ ሲፈርስ ሶፋው ጋ የሚደርሰው የጎረቤት በር የተዘጋ ያህል ነው።

የገጠመለት ባለሙያ «ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» ብሎ ገላገለው። ነገሩ ውሸት አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ ገደማ ይሳሳል። ግን ይሄ ከድምፁ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ቮልዩሙን ትንሽ ነካ ብታደርጉት ይካካሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ስለወጣ ብቻ ቤዝ አይጠፋም።

ልጁ ኮምቦልቻ ወርዶ ተለቅ ያለ ሊገዛ ሲል ነገሩን የፈታችው አክስቴ ናት። ጓዳው በር ጥግ ላይ ቡና ታፈላለች። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንቀጫቀጫሉ። «እኔ ጋ እኮ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የማትሰሙት?» አለች። ቤዙ አለ ማለት ነው። ሶፋው ጋ ነው የሌለው።

1. መጀመሪያ ሶፋውን

ሜትሮ አምጡና የሳሎኑን ርዝመት ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ እስከ ኋለኛው ለኩ። እጥፍ አድርጉት፣ ከዚያ 343ን በእሱ አካፍሉ። 343 ድምፅ በሴኮንድ የሚሄደው ሜትር ነው። የአክስቴ ልጅ ሳሎን 5 ሜትር ነው፤ 343 ሲካፈል ለ10፣ 34 ኸርዝ (በሴኮንድ 34 ንዝረት) ይመጣል። የዚህ ድምፅ ሞገድ በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል እየተመላለሰ ጫፎቹ ላይ ይጠነክራል፤ መሀል ላይ ግን ይጠፋል። ሶፋው የት ነበር? ልክ 2.5 ሜትር ላይ።

ተራ ሳብውፈር ቢሆን እሱን እየገፋችሁ ቦታ ትፈልጉለታላችሁ። ግድግዳ ውስጥ የገባው ግን አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው። ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ አውርዱ፣ ከሲስተሙ ጋር አገናኙና ከ30 እስከ 80 ኸርዝ ቀስ እያላችሁ አጫውቱ። ጆሯችሁን በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ሳሎኑን ዙሩ። ሰው ካየ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ቤዙ የሚሞላበትን ቦታ ስታገኙ ሶፋውን ወደዚያ አስጠጉ። እኛ 80 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ሳብነው፤ ለውጡ ወዲያው ተሰማ። ኋላ ግድግዳው ላይ ግን አታጣብቁት፣ እዚያ ቤዙ በዝቶ ያጉረመርማል።

2. ፕላስና ማይነሱ

ሁለት ሳብውፈር ካላችሁ ይሄን ሳታዩ አትለፉ። የአንዱ ሽቦ ከተገለበጠ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ፣ ማለትም መሀል የተቀመጠ ሰው ጋ ሲደርሱ ይጣፋሉ። ወደ አንዱ የቀረበ ሰው ግን ይሰማዋል። የአክስቴ ጥግ ለግራው ሳብውፈር ቅርብ ነው። ይኸው!

መመርመሪያው 1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፉና የሳብውፈሩን ሽቦዎች ከአምፑ ንቀሉ። መረቡን አውልቁ። አምፑ ላይ ፕላስ ውስጥ የነበረውን ሽቦ የባትሪው ፕላስ፣ ሌላውን ማይነስ ላይ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርጉ። «ጠቅ» ይልና ሸራው (አየሩን የሚገፋው የስፒከሩ ፊት) ይንቀሳቀሳል። ወደ እናንተ ከወጣ ትክክል ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። እኛ ጋ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። ኤሌክትሪሺያኑ የዘረጋው ሽቦ ሁለቱም ጥቁር ነበር፤ ገጣሚውም በግምት አስሮታል። አምፑ ላይ ስናቀያይረው ሶፋው ራሱ ነዘረ። ስትጨርሱ ፕላሱ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠምጥሙበት።

3. ሴቲንጉ

ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፣ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ነው። ሜኑው ውስጥ ሌሎቹን ስፒከሮች «ስሞል» አድርጉ፤ ሳብውፈሩ «የስ» ይሁን። ክሮስኦቨሩን (ከየት በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብውፈሩ እንደሚሄድ የሚወስነውን) 80 ኸርዝ ላይ አስቀምጡት። የሳብውፈሩ አምፕ የራሱ ማጣሪያ ካለው እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ ሁለት ማጣሪያ ከተደራረበ ቤዙ መሀል ላይ ይቆረጣል። ፌዝ (PHASE) የሚል ማብሪያ ካለ 0 እና 180 ላይ እያደረጋችሁ፣ አንድ ሰው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይፍረድ። ቤዙ የሚበዛበት ላይ ተዉት።

4. አምፑና ሽቦው

ግድግዳ ውስጥ የሚገቡት አብዛኞቹ ሳብውፈሮች የራሳቸው አምፕ የላቸውም። የሪሲቨሩ የሳብውፈር መውጫ ደግሞ ሲግናል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሸራ የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም። መሀል ላይ ለብቻው አምፕ ያስፈልጋል። አንዳንድ ገጣሚ ወጪ ለመቀነስ ከፊት ስፒከሮቹ ጋር ይደርበዋል። እንዲህ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አምፕ ግዙ። ባለ 4 ኦም ሳብውፈር ከሆነ አምፑ 4 ኦም የሚችል ይሁን።

ሽቦውን ደግሞ እዩት። ሳብውፈሩ 15 ሜትር ርቆ በቀጭን 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከታሰረ፣ ደርሶ መልስ 1 ኦም ያህል ሽቦው ራሱ ይበላል። ለሶኬት በምንዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ግን ከሩብ ኦም በታች ነው።

ማታ ማታ ብቻ የሚደክም ከሆነ ቴስተር ሶኬቱ ላይ ሰክታችሁ ለኩ። 220 መሆን ያለበት 170 ከሆነ ጥፋቱ የሳብውፈሩ አይደለም።

5. ግድግዳው

ይሄ ላብ ያስወጣል፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ያደረግኩት። ሸራው ወደ ፊት ሲገፋ ጀርባው ወደ ኋላ ይስባል። የኋላው አየር በሶኬት ቀዳዳ፣ በኮርኒሱ ክፍተት ወይም በሳብውፈሩ ጠርዝ ሾልኮ ከወጣ ከፊተኛው ጋር ይጣፋል። ቀጣዩ ክፍል ተኝቶ «ድም ድም» የሚሰማ ሰው ካለ አየሩ የት እንደሚሄድ አወቃችሁ።

40 ኸርዝ አጫውቱና መዳፋችሁን ጂፕሰሙ ላይ አድርጉ። እንደ ከበሮ ከነዘረ ቪቱ አንሷል። ብሬከሩን አውርዱ፣ ውስጥ የመብራት መስመር የሚያልፍበትን አጣሩ፣ ከዚያ ጂፕሰሙን በየ20 ሳንቲሜትሩ ከብረቱ ጋር በቪት አጥብቁት። ክፍተቱን በሲሊከን ድፈኑ። ሳብውፈሩን ራሱን ግን በሲሊከን እንዳትለጥፉት፤ ነገ ሲበላሽ ግድግዳ ታፈርሳላችሁ። ጠርዙ ላይ የበር ስፖንጅ ዙሪያውን ማድረግ ይበቃል።

ሳብውፈሩ ያለ ሣጥን የመጣ ከሆነ ከጀርባው በኤምዲኤፍ ሣጥን መሥራት ከሁሉም ይበልጣል። ስንት ሊትር እንደሚፈልግ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ አለ፤ በግምት አትሥሩት። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ አይነዝርም፣ እሱ ጥሩ ነው። የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ግን አየር ስለሚያሳልፍ የተቆረጠውን ዙሪያ በሲሚንቶ ድፈኑት።

እኛ ሣጥኑ ድረስ አልሄድንም። ሶፋውና የተገለበጠው ሽቦ በቂ ሆኑ። አክስቴ ግን ሲኒዎቿ ሥር ፎጣ አንጥፋለች።