«አስመሳይ» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድርሰት ሳርም አንድ ዓረፍተ ነገር አስቆመኝ፦ «እምቦጭ አስመሳይ ሣር ነው።» የጻፈችው ተማሪዬ ጣና ዳር ያደገች ናት፤ ያየችውን በደንብ አይታለች። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ከሩቅ ለሚያየው ለምለም መስክ ነው። ሐምራዊ አበባውም ዓይን ይስባል። እግር ሲያሳርፉበት ግን ከሥሩ ውኃ እንጂ መሬት የለም።

ቃሉ ግን አልገጠመም። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፤ አሳብ የሌለውን ነገር አስመሳይ ማለት። «ገደለ» «ገዳይ» እንደሚሆን ሁሉ «አስመሰለ» «አስመሳይ» ይሆናል፤ ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰውን ይጠራል። እምቦጭ ማንንም ላታልል ብሎ አልበቀለም። «መልኩ አሳሳች ነው» ማለት ይሻላል። «አሳሳች»ም በአፈጣጠሩ የአድራጊ ስም ነው፣ በልማድ ግን ለነገርም ይነገራል።

ሁለተኛው በገበያ የሚሰማው ነው፦ «ተመሳሳይ ዘይት ሸጡልኝ።» «ተመሳሳይ» መመሳሰልን እንጂ ማጭበርበርን አይናገርም። ዕቃው «ተመሳስሎ የተሠራ»፣ ብሩ «ሐሰተኛ» ይባል።

«መስሎ»ና «አስመስሎ»ም ይምታታሉ። ራሱን ለውጦ የቀረበ «ያልሰማ መስሎ አለፈ» ይባላል። ነገሩን ለውጦ ያቀረበ ደግሞ «ስኳር የገባበትን ማር ንጹሕ አስመስሎ ሸጠ»።

«ግብዝ»ን በ«አስመሳይ» ቦታ መተካትም ያሳስታል። ግብዝ የሌለውን ጽድቅ የሚያሳይ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግብዞች የተመሰሉት በኖራ በተለሰኑ መቃብሮች ነው። ሳይታመም የሚያነክስ ለማኝ አስመሳይ ነው፣ ግብዝ ግን አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ምስጋና ወደ ስድብ ሲለወጥ ነው። «አስመስሎ ሠራው» በአማርኛ ለባለ እጅ የሚሰጥ ትልቅ ምስጋና ነው፤ «አስመሳይ» ስድብ ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ሆኖ መንገዳቸው ተለያይቷል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን በጀልባ ወደ ዘጌ ወስጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ከግድግዳው ሥዕሎች መካከል በቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ፊት አንዱ ልጅ ፈዝዞ ቆመና «ሠዓሊው አስመሳይ ነው!» አለ። ዓይኑ በአድናቆት በርቶ ነበር። ጠጋ ብዬ ትከሻውን ያዝኩና «‹እንዴት አስመስሎታል!› በል፣ ልጄ» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገመው።