ድርጭት ትንሽ ዶሮ አይደለችም፦ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድርጭት ማርባት የሚጀምር ሰው ምክንያቱ ይገባኛል። ቦታ አትፈጅም። ቶሎ ትደርሳለች። የጃፓን ድርጭት ከተፈለፈለች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የዶሮ እውቀት ይዘን መግባታችን ነው። እኔም የገባሁት እንደዛ ነበር፤ ዋጋ ያስከፈሉኝ ስህተቶችም ከዚያው የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ግዢው። ዝርያውን ሳትጠይቁ አትግዙ። ለጀማሪ የምትሆነው የጃፓን ድርጭት ናት፤ ኮተርኒክስም ይሏታል። ቦብዋይት የምትባለው ግን ለመድረስ ከ4 ወር በላይ ትፈልጋለች፤ በጣምም ደንባራ ናት። በ2 ወር እንቁላል እበላለሁ ብሎ ቦብዋይት የገዛ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ዕድሜዋንም ጠይቁ። ድርጭት በአብዛኛው የምትኖረው 2 ወይም 3 ዓመት ነው፤ ደህና አድርጋ የምትጥለው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በርካሽ የተገኘች ትልቅ ድርጭት ጉልበቷን ጨርሳ ሊሆን ይችላል። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ጣቶቿ ቀጥ ያሉ፣ ከጭራዋ ሥር ያለው ላባ ንጹህ መሆኑን እዩ።

ሁለተኛው ስህተት ወንድ ማብዛት ነው። ከ3 ሳምንት በታች ያለች ጫጩት ጾታዋ በዓይን አይለይም። ከዚያ በኋላ ቡናማ ዝንጉርጉር የሆኑትን ደረታቸውን ማየት ይበቃል፤ የወንዱ ቀይ ዳማ ሆኖ ነጠብጣብ የለውም፣ የሴቷ ገርጣ ያለና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው። ነጭ ከሆኑ ግን ላባ አይረዳም። እስኪደርሱ ጠብቁ፤ የደረሰ ወንድ ከፊንጢጣው በላይ ያለው እብጠት ቀስ ተብሎ ሲጫን ነጭ አረፋ ያወጣል። ለአንድ ወንድ ከ3 እስከ 5 ሴት ይሁኑ። ወንዶች ሲበዙ የሴቶቹን አናት ነጭተው ያደሙታል፣ እርስ በርሳቸውም ይጋደላሉ። የምትፈልጉት የሚበላ እንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንድ ጭራሽ አያስፈልግም።

ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትስፈነጠራለች። ጣሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ለመንደርደር በቂ ቦታ አገኘች ማለት ነው። አናቷ ይላጣል፣ አንገቷም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ወይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዝቅተኛ ይሁን፣ ወይ ሰው ቆሞ የሚገባበት ያህል ከፍ ይበል። መሃል ላይ ያለው ነው የሚገድለው። የተሠራ ቤት ካላችሁና መቀየር ካልቻላችሁ ከጣሪያው በታች ለስላሳ መረብ ወጥሩ። ለ10 ድርጭት 1 ካሬ ሜትር ያህል ስጡ። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሽቦ ከሆነ እግራቸው ይቆስላል፤ በከፊል ደልዳላ አድርጉት፣ ደረቅ አሸዋ ያለበት ሰፊ ዕቃም አስቀምጡ። አሸዋው ውስጥ ሲንከባለሉ ማየት እኔን እስካሁን አልሰለቸኝም። እንደ ዶሮ ማታ ትመለሳለች ብላችሁ ግን በር አትክፈቱላት። ከወጣች ወጣች ነው።

ጫጩቶቹ። የመጀመሪያዎቹን ውሃ ያጠጣኋቸው ለዶሮ ጫጩት በምጠቀምበት መጠጫ ነበር። ጠዋት ስነሳ 3ቱ ሰጥመው አገኘኋቸው። ሳስበው አሁንም ያመኛል። የተፈለፈለች ድርጭት 10 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ለእሷ ያ መጠጫ ሐይቅ ነው። ጠጠር ሙሉበት፤ ውሃው በጠጠሮቹ መሃል ብቻ ይታይ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፤ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቶ ይቀራል። ሻካራ ጨርቅ ይሻላል። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ከቴርሞሜትሩም በላይ እነሱን እዩ። አምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። ጥግ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል።

መኖ ላይ የሚሠራው ስህተት ቶሎ አይታይም፤ ግን ይጎዳል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ብዙውን ጊዜ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው ያለው። የድርጭት ጫጩት ከ24 እስከ 28 በመቶ ትፈልጋለች፣ የምትጥለው ደግሞ 20 በመቶ አካባቢ። የጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙም ስለሚበዛ የጫጩቶቹን ኩላሊት ይጎዳል። ለጫጩት ደቀቅ ያለ ማስጀመሪያ መኖ ስጡ፤ መጣል ሲጀምሩ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው አቅርቡላቸው።

ከዶሮ ጋር አንድ ቤት አታስገቧቸው። ዶሮዋ ትነክሳቸዋለች፤ ሳትታመም የተሸከመችው በሽታም ድርጭቷን ሊገድል ይችላል።

እንቁላል ቆመ ብላችሁ ቶሎ አትደንግጡ። አዲስ ቤት የገባች ድርጭት ለ1 ወይም 2 ሳምንት ልታቆም ትችላለች። ከዚያም ካልጀመረች ብርሃኑን ተመልከቱ፤ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያስፈልጋታል።

ታቅፋ ትፈለፍላለች ብላችሁም አትጠብቁ። ለማዳዋ የጃፓን ድርጭት መታቀፍን ረስታለች ማለት ይቻላል። መፈልፈያ ማሽን ያስፈልጋችኋል፤ 17 ወይም 18 ቀን ይፈጃል። ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እንቁላሉን ማገላበጥ አቁሙ። የመጀመሪያዋ ጫጩት ስትጮህ ክዳኑን መክፈት ያጓጓል፤ አትክፈቱት። እርጥበቱ ከወጣ ገና ቅርፊት እየሰበሩ ባሉት ላይ ስስ ሽፋኑ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። የወጡት ከአስኳሉ ሆዳቸው ውስጥ የቀረ ምግብ ስላላቸው አንድ ቀን ሳይበሉ መቆየት ይችላሉ።