ልጅ ከጉንፋን ድኖ ገላው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ሲወጣበት ምን ይደረጋል?

ጉንፋን፣ ጉድፍ ወይም ሌላ የቫይረስ ሕመም ለቆት የሄደ ልጅ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ድንገት እግሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ሊወጡበት፣ ሳይመታም ሊበልዝ ይችላል። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትኩሳትም የለውም። ቫይረሱን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች አብሮ ሲያጠፋ የሚከሰት ነው፤ ሐኪሞች አይቲፒ ይሉታል። አብዛኞቹ ልጆች በወራት ውስጥ ይድናሉ።

መጀመሪያ በብርጭቆ ይፈትኑት። የሻይ ብርጭቆ ጎኑን ነጠብጣቡ ላይ ጫን አድርገው በመስተዋቱ በኩል ይዩ። ካልጠፋ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ደጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁንጫ ነው፤ የቁንጫ ንክሻ ግን ያሳክካል፣ እብጥ ይላል፣ ዙሪያው ያለው ቅላትም ሲጫኑት ይጠፋል። ጠቆር ባለ ገላ ላይ ነጠብጣቡ ስለማይጎላ ላንቃውን፣ የዓይኑን ቆብ ውስጥና ካልሲ የሚያጠብቅበትን ቦታ ይመልከቱ። አፉ ውስጥ ደም የቋጠረ አረፋ ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ነጠብጣቡ ከትኩሳት ጋር ከሆነና ልጁ ከፈዘዘ ወይም አንገቱ ከደረቀ የማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አያባክኑ። ወባም ፕሌትሌት ያወርዳል፤ ልጁ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርዶ ከነበረ ለመርማሪው ይንገሩ።

እስኪመረመር ድረስ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይስጡ፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ፦ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ማለት ነው። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም ይቅር። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ መብጣት፣ ዋግምት፣ ግርዛት በዚህ ሰሞን ፈጽሞ አይሞከሩም፤ የሚደማው ላይቆም ይችላልና።

ቢነስረው ቀና ብሎ ይቀመጥና ወደ ፊት ያዘንብል፤ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ደሙን ይውጠዋል። የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ ቆንጥጠው ይያዙ። በየደቂቃው ለቀቅ አድርጎ ማየት የሚረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል።

የሚጠየቀው ምርመራ ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። ጤና ጣቢያው ከሌለው ሪፈር ያጽፉ፤ ጎጃም ውስጥ ከሆኑና በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል በቂ ካልሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን። ጤናማ ፕሌትሌት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ሲሆን በአይቲፒ ከ100,000 በታች ይወርዳል፤ ነጭ የደም ሴልና ሄሞግሎቢን ግን እንደነበሩ ናቸው። ደሙ ቱቦው ውስጥ ከረጋ ማሽኑ በስሕተት ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል፤ ስለዚህ ስላይድ (መስተዋት ላይ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ይታይ። ስላይዱ ሳይታይ የሰውነት መከላከያን የሚያረግበውን ፕሬድኒሶሎን መጀመር የደም ካንሰርን ሊሸፍን ስለሚችል ከፋርማሲ ራስዎ ገዝተው አይስጡ። ነጠብጣብ ብቻ ላለበትና ለማይደማ ልጅ ሐኪሙ ያለ መድኃኒት እየተከታተለ ቢያቆየው ቸል አለን ብለው አይቆጡ፤ ትክክለኛው አሠራር ያ ነው።

ሌላ የደም ሕመም የሚያስጠረጥሩ ምልክቶችም አሉ። መገርጣት፣ የዓይን ቢጫነትና የጠቆረ ሽንት ቀይ የደም ሴሎች እየፈረሱ መሆኑን ሊያሳዩ ይችላሉ። ሦስቱም የደም ሴል ዓይነቶች (ቀይ፣ ነጭና ፕሌትሌት) አብረው ከወረዱ መቅኔው ይመረመራል። ከሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የወረደ የደም ቆጠራ ከተገጣጠሙ፣ መከላከያው ከልክ አልፎ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ኤችኤልኤች የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህ በፍጥነት ሊገድል ይችላል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ይህንኑ ይመስላል፣ ሊያስነሳውም ይችላል፤ ሁለቱም ይመርመሩ።

ቤት ከተመለሱ በኋላ ዛፍ መውጣትና ትግል ይከልከል። ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይውጡ።