በሽጉጥ ተኩስ ውድድር ሰከንድን በነጥብ መመዘን

በአይፒኤስሲ (ፍጥነትና ትክክለኛነት አብረው የሚለኩበት ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት) ውድድር በተለመደው አቆጣጠር ያገኙት ነጥብ ለወሰደብዎት ሰከንድ ይካፈላል። 60 ነጥብ በ10 ሰከንድ ከሰበሰቡ ውጤትዎ 6 ነው፤ አንድ ሰከንድ 6 ነጥብ ያወጣል ማለት ነው። ኢላማው ከመሃሉ ወደ ጠርዙ ኤ፣ ሲ እና ዲ በሚባሉ ክልሎች ይከፈላል፤ በማይነር ምድብ (ኃይሉ አነስ ባለ ጥይት) ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ሲን ወደ ኤ ለማሻሻል ከ0.33 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎ ከስረዋል። መሳት ግን 5 ነጥብ አሳጥቶ 10 ያስቀጣል፤ 2.5 ሰከንድ ባከነ ማለት ነው። መሳትዎን እንዳዩ ወዲያው ደግመው ይተኩሱ።

በ5 ሜትር ማነጣጠሪያው ኢላማው መሃል ላይ መታየቱ ይበቃል። በ20 ሜትር ግን የፊት ማነጣጠሪያው ጥርት ብሎ ይታይ፣ ምላጩም ቀስ ብሎ ይሳብ። ቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይቱ ወደ ግራና ወደ ታች ከሄደበት፣ ብዙውን ጊዜ ምላጩን ሲስብ መዳፉንም እየጨበጠ ነው።

ለልምምድ በ10 ሜትር፣ በሰዓት ቆጣሪ፣ ሁለት ሁለት ጥይት 6 ጊዜ ይተኩሱ። 12ቱም ኤ ከሆኑ ዘግይተዋል፤ 0.1 ሰከንድ ይቀንሱ። ዲ ከበዛ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሱ። ትልቁ ትርፍ ያለው ግን ምላጩ ላይ ሳይሆን ሽጉጥ አወጣጥ፣ የጥይት ካዝና መቀየርና እርምጃ ላይ ነው። ሳይተኩሱ ሲንቀሳቀሱ ጣትዎ ከምላጩ ቀለበት ውጭ ይሁን፤ አለዚያ ከውድድር ያሰናብታል።