የሰናፍጭ ጋዝ ሲያጋጥም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «የሰናፍጭ ጋዝ» ይባላል እንጂ ጋዝ አይደለም፤ ከምንበላው ሰናፍጭ ጋርም ዝምድና የለውም። ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ሽታውን አንዱ ከሰናፍጭ፣ ሌላው ከነጭ ሽንኩርት ጋር ያመሳስለዋል። ጣሊያኖች «ኢፕሪት» ያሉት ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1917 ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠቀሙበት በቤልጅየሟ ኢፕር ከተማ ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. በተካዜ በረሃ የአያቶቻችንን ገላ የላጠውም ይኸው ነው። ዛሬም ቢሆን ታሪክ ሆኖ አልቀረም፤ ከጦርነት በኋላ ባልቲክ ባሕር ውስጥ የተጣለው በዓሣ አጥማጆች መረብ ተጎትቶ ሲወጣ ሰው አቁስሏል።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፦ ጉዳቱን እንደ ተራ ቃጠሎ ከማየት።

«አላመመኝም፤ ደህና ነኝ»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እሳት ሲነካን እጃችንን ወዲያው እንሰበስባለን። ሰናፍጭ ግን ቆዳ ላይ ሲያርፍ አያቃጥልም፣ አይቆጠቁጥም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሴሎቹን ይዞ ጉዳት ጀምሯል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ሰውየው በዚህ መሀል ይበላል፣ ይጫወታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ነክቶኛል ብሎ የጠረጠረ ሰው ሕመም ሳይጠብቅ ወዲያው ይታጠብ፤ ጤና ጣቢያ ከደረሰም ምንም ባይታይበት እስከ 24 ሰዓት ድረስ በክትትል ሥር ይቆይ። ሽታም ዋስትና አይሆንም፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል።

ሲነካ ወዲያው የሚያንገበግብ ከሆነ ምናልባት ሉዊሳይት የሚባለው የአርሰኒክ ዘመድ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሉዊሳይት ዲመርካፕሮል የሚባል ማርከሻ አለው። ሰናፍጭ ግን እስካሁን ማርከሻ የለውም። ያለው መድኃኒት ቶሎ መታጠብና በትዕግሥት ማስታመም ነው።

ልብሱን ሳያወልቁ በብርድ ልብስ መጠቅለል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1943 ምሽት የጀርመን አውሮፕላኖች የጣሊያኗን ባሪ ወደብ ደበደቡ። ከሰመጡት መርከቦች አንዷ፣ የአሜሪካኗ «ጆን ሃርቬይ»፣ 2,000 የሰናፍጭ ቦንብ በምስጢር ጭና ነበር። ፈሳሹ ባሕሩ ላይ ከተንሳፈፈው ዘይት ጋር ተቀላቀለ፤ ነፍሳቸውን ለማዳን የዘለሉት መርከበኞች በዚያ ውስጥ ዋኙ። ሐኪሞቹ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሰው ከባሕር ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ የሚደረገውን አደረጉ፦ ዘይት ከነከረው ልብሱ ጋር በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ ሞቅ ያለ ሻይ ሰጡት። በሌላ አነጋገር መርዙን ከገላው ጋር አብረው አሞቁት። ሲነጋ ዓይኖች አብጠው ተዘጉ፣ ገላ ውሃ ቋጠረ። ከ600 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ተኝተው ከ80 በላይ ሞቱ። ነገሩን የደረሰበት ከቀናት በኋላ የመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት አሌክሳንደር ነው፤ ዎርድ ሲገባ መጀመሪያ ያስጠረጠረው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ነበር።

እንግዲህ ልብስ ይቅደም። በጭንቅላት በኩል አይወልቅም፣ ፊትና ዓይን ያዳርሳል፤ በመቀስ ይቀደድ። ጫማ፣ ቀበቶና የሰዓት ማሰሪያም ይውለቅ፤ የተሠሩበት ቆዳ ፈሳሹን መጥጦ ያስቀራል። ሁሉም በሁለት ፌስታል ታስሮ ሰው ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የሚረዳው ሰውም ራሱን ይጠብቅ፤ ስስ የሕክምና ጓንት ይህን ነገር ብዙም አያግደውም።

በረኪና፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና

ቤታችን ውስጥ ቃጠሎ ሲደርስ እጃችን የሚሮጥባቸው ነገሮች ናቸው። ቅቤና ቅባት በተለይ አይሆንም፤ ሰናፍጭ በቅባት ስለሚሟሟ ወደ ቆዳ እንዲሰርግ ማገዝ ነው የሚሆነው። በረኪናም ቀጭኖ ለቆዳ ይታዘዝ የነበረበት ዘመን ነበር፤ አሁን የሚመረጠው ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። ዓይንና ቁስል ውስጥማ በረኪና ፈጽሞ አይገባም።

ፈሳሹ ቆዳ ላይ የሚታይ ከሆነ መጀመሪያ በጨርቅ ቀስ ብሎ መምጠጥ፤ አይጠረግም፣ ጠረጋ ቦታውን ያሰፋዋል። ውሃ ከሌለ ዱቄት ነስንሶ ከጠጣው በኋላ ማራገፍ ይቻላል። ከዚያ ብዙ ውሃ፣ ሳሙና። ገላን በኃይል መፈተግ ቆዳን ከመላጥ በቀር ጥቅም የለውም።

ጉድጓድ ውስጥ መደበቅ

ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ከጥይት የሚያድነው ሸለቆ፣ ዋሻና ምድር ቤት እዚህ ወጥመድ ይሆናል፤ ወደ ከፍታ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መውጣት ነው። መሬቱም አይታመን። ራስ እምሩ በኋላ እንደተናገሩት፣ ተካዜ ላይ የተጣለው እንደ ልማዱ የሚፈነዳ ቦንብ ሳይሆን ወድቆ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሠራዊት ፍንዳታ ካልሰማ ምን ብሎ ይሸሻል? ፈሳሹ ከ14 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል። በደጋ ብርድ ያደረ፣ ፀሐይ ሲሞቀው እንደገና ይተናል።

ቅላት ብቻ መፈለግ

መጽሐፎቹ «መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። ሥዕሎቹ ግን የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በጠይም ወይም በጥቁር ገላ ላይ ቅላት በግልጽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ይጠየቅ፣ ይዳሰስ፦ ያሳክካል? ይሞቃል? ያበጠ፣ ከአካባቢው የጠቆረ ቦታ አለ? ብብት፣ ብሽሽት፣ አንገት፣ የብልት አካባቢ ይታይ፤ ላብና እርጥበት ያለበትን ቦታ ይመርጣል። ቀጥሎ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች እንደ ጨሌ ይደረደራሉ፤ ኋላ ተያይዘው ቢጫ ውሃ የያዙ ትልልቅ ከረጢቶች ይሆናሉ።

ዓይንን በፋሻ ማሰር

ብዙውን ጊዜ ከቆዳ ቀድሞ የሚያመው ዓይን ነው። አሸዋ የገባ ይመስላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ከዚያ ቆቡ አብጦ ይዘጋል። መታጠብ ያለበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ በንጹሕ ውሃ፣ ቆቡን ከፍቶ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ወዲያ ፋሻ አይታሰርም፤ መግሉን ያፍነዋል፣ ቆቦቹንም ያጣብቃቸዋል። የቆቡ ጠርዝ ላይ ንጹሕ ቫዝሊን መቀባት መጣበቁን ይከላከላል። ብርሃኑን ጥቁር መነጽር ይበቃዋል። የማደንዘዣ ጠብታም ለምርመራ እንጂ ለማስታገሻ በየሰዓቱ አይደረግም፤ የዓይኑን ብሌን ሽፋን ይጎዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አፍ ከፍቶ መንገር ነው። ዓይኑ የተዘጋበት ሰው ታውሬያለሁ ብሎ ነው የሚተኛው። ያበጠውን ቆብ በጣት ቀስ አድርጎ ከፍቶ «ይኸው፣ ታያለህ» ማለት ከብዙ መድኃኒት ይበልጥበታል፤ አብዛኞቹ ብርሃናቸው ይመለሳል።

በሽተኛውን መሸሽ

ልብሱ ወልቆ ከታጠበ በኋላ ሰው አይመርዝም። የቋጠረው ውሃም መርዝ የለበትም፤ የራሱ የሰውነት ፈሳሽ ነው።

ግሉኮስ እንደ እሳት ቃጠሎ መስቀል

ይህ ለባለሙያ ነው። በእሳት የተቃጠለ ሰው ብዙ ፈሳሽ ያጣል፣ ቀመሩም የተሠራው ለሱ ነው። በሰናፍጭ የሚጠፋው ፈሳሽ ከዚያ ያንሳል። ቀመሩን እንዳለ ማስላት ቀድሞ በታመመ ሳንባ ላይ ውሃ መጨመር ይሆናል። የሽንቱ መጠን እየታየ ይሰጥ። ትናንሽ ቋጠሮዎች አይነኩ፤ የፈነዱት ትልልቆቹ ተጠርገው የቃጠሎ ቅባት ይቀቡ። የሕመም ማስታገሻ ደግሞ አይሰሰት። ቁስሉ ለመዳን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል።

ቆዳው ሲደርቅ «ተሻለው» ማለት

የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው አይደለም። ድምፁ የሻከረ፣ ደረቅ ሳል የያዘው ሰው የአየር ቧንቧው እየተላጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉሮሮው አብጦ ሳይዘጋ ቱቦ ማስገባት የሚችል ባለሙያ ጋ በጊዜ ይድረስ። በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ትኩሳትና ሳል ከኬሚካሉ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚጀመረው የኢንፌክሽን ማስረጃ ሲገኝ ነው።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። መርዙ መቅኔን ስለሚመታ ነጭ የደም ሴል መውረድ ይጀምራል። አሌክሳንደር ባሪ ላይ ይህንኑ በታካሚዎቹ ደም ውስጥ አይቶ መዝግቧል። ስለዚህ ቁስሉ ጥሩ ቢመስልም የደም ምርመራው በየቀኑ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቀጥል። ከዚያም በኋላ ሳንባው ይታይ፤ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የተመቱ ብዙ ኢራናውያን ከሠላሳ ዓመት በኋላም በኦክስጅን ሲተነፍሱ ኖረዋል።