ፐርሚት የያዘ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የኛው ልጆች ናቸው። 15 ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ያወጣሉ፣ ቢያንስ 9 ወር ይለማመዳሉ። ልጆቹን አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ የወላጆች ስህተት ነው።

ያልተነዳ ሰዓት መፈረም

ልጁ ከአዋቂ ጋር 45 ሰዓት መንዳት አለበት፤ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ነድቷል ብላችሁ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። እኔ ጋ መሪ የሚይዘው 7 ጊዜ ነው፣ 50 ደቂቃ 50 ደቂቃ። ደምሩት፣ 6 ሰዓት አይሞላም።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ልጅ 45ቱም የተሞላ ወረቀት ይዛ መጣች። አመሻሽ ላይ ኮሎምቢያ ፓይክ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። "ጋሼ፣ መጥረጊያው በየት በኩል ነው የሚበራው?" አለችኝ። የፊት መብራቱንም አላበራችም። እዚህ ቨርጂኒያ መጥረጊያ ከበራ መብራት ግዴታ ነው። ወዲያው ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታው ተነስቶ መንገድ ገባ። አላየችውም። በኔ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጥኩ።

"ማታ ነድተሽ ታውቂያለሽ?"

አንገቷን ደፋች። "አባቢ ነው የሞላው።"

አባቷ ላይ መጮህ አልቻልኩም። እኔም ለመጀመሪያ ልጄ የጎደለውን ሰዓት ሞልቼ ፈርሜያለሁ። ዛሬም ይጸጽተኛል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን አስቤዛ ስትሄዱ እሱ ይንዳ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ እሱ ይንዳ። ማታ ወተት ሲያልቅ ቁልፉን ስጡትና አጠገቡ ተቀመጡ።

"የት ደረስክ?" ብሎ መደወል

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ እየነዳ በስፒከር እንኳ ማውራት አይችልም። እናቱ ስትደውል ግን ያነሳል፤ ስለሚፈራትና ስለሚወዳት። ደርሶ ይደውል።

ጓደኞቹን እንዲያደርስ ማዘዝ

መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መጫን የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ሦስት ጎረምሳ ከኋላ ሲሳሳቅ ዓይኑ መንገዱ ላይ አይቆይም።

መጮህ

የደነገጠ ልጅ መሪ ይጠመዝዛል። "ታጠፍ!" የሚባለው መታጠፊያው ላይ ከተደረሰ በኋላ አይደለም። ቀደም ብላችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ንገሩት።

ከሃይዌይ ማሸሽ

"እሱን ኋላ ይለምዳል" ይሉኛል። ኋላ ብቻውን ነው የሚሆነው። ያልለመደ ልጅ ሃይዌይ 395 መግቢያው ላይ ይፈራና ጫፉ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከኋላው መኪና እየበረረ ነው። ፍሬቻ አብርቶ፣ በስፖኪዮና በትከሻው አይቶ፣ እዚያው መግቢያው ላይ ፍጥነቱን ከሌሎቹ ጋር ማስተካከል አለበት። እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ውሰዱት። አንድ መውጫ ሄዶ ይውጣ፣ ዞሮ ይግባ። አሥር ጊዜ ይደጋግመው።