ግራፊክስ ካርዳችሁ እየደጋገመ ክራሽ ሲያደርግባችሁ

ጌም ወይ ኤዲቲንግ ላይ እያላችሁ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ የሚመለስ ከሆነ ካርዱ ሞቷል ብላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ ያጋጠሙትን ችግሮች የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ከፍታችሁ ሲስተም የሚለው ውስጥ 4101 የሚል ቁጥር ፈልጉ፣ ካለ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) መልስ መስጠት አቁሞ ዊንዶውስ እንደገና አስነስቶታል ማለት ነው። እንደዛ ከሆነ አዲሱን ድራይቨር ቀድማችሁ አውርዱና በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ገብታችሁ የድሮውን በዲዲዩ (DDU፣ ድራይቨር ጠርጎ የሚያጠፋ ፕሮግራም) ሙልጭ አድርጋችሁ አጥፉት፣ ከዛ አዲሱን ጫኑ።

ፒሲው ራሱ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ስሎት የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፣ ቀሪው በኬብል ነው የሚመጣው፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ይሰጣል፣ ስለዚህ ካርዱ ሁለት ሶኬት ካለው አንዱን ኬብል ከማካፈል ለየብቻ ሁለት ኬብል ስጡት። በርካሽ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈውን ዋት ደግሞ ባታምኑት ይሻላል (ሻጩ ቢምልም)። መብራት ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘር ግድ ነው።

የካርዱን ሙቀትም በአፍተርበርነር (የካርዱን ሙቀት በሚያሳይ ፕሮግራም) እዩት። ኮምቦልቻ ያላችሁ በተለይ፣ ከደሴ ዝቅ ስለምትል ክፍሉ ራሱ ይሞቃል፣ ደሴ ላይ ደህና የነበረ ፒሲ እዛ ሊያስቸግር ይችላል። ኬዙን ከፍታችሁ አቧራውን አራግፉ፣ ስትነፉት ፋኑን በጣት ያዙት እንዳይሽከረከር። ካርዱ አሮጌ ከሆነ ቴርማል ፔስቱ (ቺፑና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው) ደርቆ ይሆናል፣ እሱም ይቀየር።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተሻለው ካርዱን ነቅላችሁ ጓደኛ ፒሲ ላይ ሞክሩት፣ እዛም ክራሽ ካደረገ ችግሩ ከራሱ ከካርዱ ነው።